ሁለት ቃል ለቆጠቡት ለአቶ ዘመድኩን

ሪያድ፣ ጉበይራ
ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዘመድኩን
የዝቃጭ ማዳበሪያ ፕሮጀክት የሠራተኞች ተቆጣጣሪ (ሙሽሪፍ)፣ የወጪ ቅነሳ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ እንዲሁም ካለፈው ረቡዕ ወዲህ የአባቴ አስተርጓሚ

ይህን ደብዳቤ ከረቡዕ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ከቤታችን ሥር ካለው ባቃላ ዳቦ ስገዛ እንኳ ባለሱቁ «ምን አልሽ?» ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ ድፍረቱ ሳይጠፋብኝ ከሁሉ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር፤ በሙቀት መዝገቡ ላይ ሰዓቶቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አባቴ አይደለም።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ? ወደ ማዳበሪያው ሜዳ በሚገቡበት ጊዜ የመኪናዎን መስታወት ጥብቅ አድርገው ስለሚዘጉ ሳንባዎና አፍንጫዎ ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። አላህ አሁንም ይጠብቅልዎ። ረቡዕ ዕለት ብዙ የሠራው ምላስዎም እስከ ነገ ጠዋት በደንብ እንዲያርፍልኝ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ የሙቀት ለኪው የሙሀባው ልጅ ሰዓዲያ ነኝ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ቤት ነው የምውለው፤ ስለዚህ በአጻጻፌ ላይ ስህተት ቢያገኙ በትልቅነትዎ ያልፉልኛል ብዬ አምናለሁ። የአባቴን ግን ካላለፉለት የእኔን እንዴት ያልፉልኛል ብዬም እሰጋለሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ የሕንፃችን ሰዎችና የባቃላው ደንበኞች ሁሉ ያነቡታል፤ እነርሱ ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሠራ አያውቁምና ለእርስዎ የተሰለቸውን ነገር በአጭሩ እንዳስረዳቸው ይፍቀዱልኝ።

ከከተማው መጸዳጃ ቤቶች የወረደው ውሃ ተጣርቶ ሲያበቃ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ይቀራል። ይኸው ዝቃጭ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር ከሰናኢያ ወዲያ ወዳለው ሜዳ በመኪና ይመጣና ክታች ከምንለው የተከተፈ የዘንባባ ቅርንጫፍ ጋር ተደባልቆ እንደ ረጅም የአፈር ግንብ በረድፍ ይከመራል። ክምሩ ማንም ሳያነድበት በራሱ ይግላል። ሙቀቱ አምሳ አምስት ዲግሪ ደርሶ አሥራ አምስት ቀን ከቆየ፣ በመሐሉም አምስት ጊዜ ከተገላበጠ፣ በውስጡ ያለው ጀርም ሁሉ ይሞትና ለመናፈሻ ሣርና አበባ የሚሆን ማዳበሪያ ይሆናል። ካልጋለ ግን ያው የመጣው ነገር ነው፤ ቀለሙን ብቻ ለውጦ የተቀመጠ። የአባቴ ሥራ በየረድፉ የመለኪያ ዘንግ እየሰካ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ማየት ነው። አባቴ ቁጥር ያነባል እንጂ መጻፍ አልተማረም። ስለዚህ ከለካ በኋላ እዚያው ቆሞ በስልክ በድምፅ ይልክልኛል፤ እኔም በየማታው በመዝገቡ ላይ በዓረብኛ ቁጥር እገለብጠዋለሁ፤ እርስዎም በየሳምንቱ ሐሙስ ፈርመው ይቀበላሉ። ግንቦት ላይ እንዲህ እንድናደርግ የፈቀዱልን እርስዎ ራስዎ ነበሩ። «ልጅቷ ጽሕፈቷ ያምራል፣ እሷ ትጻፈው» ብለዋል አሉ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ እኔ የሠራሁት ነገር ቢሮ ገብቶ አያውቅማ።

ዕቃ ሁሉ መወደዱን እኔም አውቃለሁ፤ ለኮሚቴው አዲስ ነገር አልነገርኩም። እናቴ እናናዬ በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ዘይት የያዘ ጠርሙስ አንስታ ብርሃን ላይ እያየች ስንት ቀን እንደሚቀረው ታሰላለች። ፕሮጀክቱም ናፍጣ ተወዶበታል፤ ድሮ ገበሬዎች ውሰዱልን እያሉ የሚለምኑት የዘንባባ ቅርንጫፍ ዛሬ በዋጋ ነው የሚመጣው፤ መለዋወጫ ዕቃም ጠፍቷል ይባላል። ወጪ መቀነሱ ተገቢ ነው። ምስጋናዬን የማቀርበው የቀነሱበትን ቦታ አይቼ ነው።

አንደኛ። ክምሩ አምስት ጊዜ መገላበጡ ቀርቶ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሆን በማድረግዎ የሎደሩ ሹፌር ጀብሪል ምስጋናውን እንዳደርስለት ጠይቆኛል። «ወላሂ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚህ ሎደር ያረፈ ፍጡር አላየሁም» ይላል። ክምር ካልተገላበጠ አየር አያገኝም፤ አየር ካላገኘ አይግልም። ይህን አባቴ በራሱ መንገድ ያውቀዋል። የጋለ ክምር ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፣ ያልጋለው ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል ይላል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ በመሆኑ ልዩነቱ ባይደርሰው አይፈረድበትም።

ሁለተኛ። የዘንባባው ክታች በግማሽ እንዲቀነስ ከሐምሌ ጀምሮ አዘዋል። ዝቃጭ ለብቻው ጭቃ ነው፤ የሚያፈናፍነው ያ ክታች ነው። አባቴ ነሐሴ ውስጥ በቢሮዎ በር ላይ ቆሞ አንድ ሐሳብ አቅርቦልዎ ነበር። በሪያድ መንገዶች ዳር ያሉት ዘንባባዎች በየጊዜው ይከረከማሉ፤ ቅርንጫፉም በመኪና ተጭኖ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ መኪኖቹም ወደዚያ ሲሄዱ በእኛው ሜዳ በር ላይ ያልፋሉ። «ከሚደፉት እኛ ጋ ይድፉት፣ ብንጠይቃቸውስ?» ነበር ያለው። እርስዎም «ሙሀባው፣ አንተ ዘንግህን ስካ፣ ያላ» ብለው መለሱለት። አባቴ ቤት ገብቶ ይህን ሲነግረን አልተቀየመም። «ሰውዬው ሥራ በዝቶበታል» አለን። የበዛብዎት ሥራ «ወጪን በጋራ እንቀንስ» የሚለውን ባነር በሦስት ቋንቋ ማሳተም እንደነበር በኋላ ሰማን። ባነሩን በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ቀለሙ ደስ ይላል።

ሦስተኛ። የመለኪያ ዘንጎቹ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ተሰብረው አንድ ቀረ። አንዷን ዘንግ ይዞ አሥራ ሁለት ረድፍ ማዳረስ ስለማይቻል አባቴ ተራ ብረት መጠቀም ጀመረ። ብረቱን ወደ ክምሩ ልብ ይሰካዋል፤ ጊዜውን ለመለካት ፋቲሃን ሰባት ጊዜ በቃሉ ይቀራል፤ ነቅሎ የእጁን አንጓ ውስጠኛ ክፍል ያስነካዋል። አላስችል ካለው ረድፉ ደህና ነው፤ ለብ ብሎ ካስቻለው በዚያችው በተረፈችው ዘንግ ሄዶ ይለካዋል። ትክክለኛ ዘንግ የሚያስፈልገው ለታመመው ረድፍ ነው ይላል። በዚህ የተነሳ በቀኝ እጁ አንጓ ላይ የብረት ጫፍ የሚያህሉ ጠባሳዎች ተደርድረዋል። የፊት ጭምብሉም በሳምንት አንድ ብቻ ስለሆነ እናቴ በየቀኑ እያጠበች ከእኔ ሻሽ አጠገብ ታሰጣዋለች። ይህ ሁሉ የቀነሱት ወጪ መሆኑን እንዳይረሱት ብዬ ነው የማስታውስዎ፤ የትም አልጠፋም፤ እኛ ቤት አለ።

አራተኛ የሚለውን ቁጥር፣ እኔም በበኩሌ ለቁጠባው የሆነ ነገር ላድርግ ብዬ፣ ትቼዋለሁ።

አምስተኛውን ግን ልተወው ብሞክር አልቻልኩም።

መስከረም ላይ ወደ መናፈሻዎች የሄደው ማዳበሪያ ጥቅምት ውስጥ በመኪና ተጭኖ ተመለሰ። ላቦራቶሪው ጀርሙ አልሞተም አለ። ይህ ለማንም አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። የእኔ መዝገብ ከሐምሌ ጀምሮ አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት፣ ሠላሳ ዘጠኝ እያለ ነግሮዎታል፤ እርስዎም በሥሩ ፈርመውበታል። ፊርማዎ ያምራል፤ ከጅራቱ ላይ እንደ አበባ የሚጠመዘዝ ነገር አለው። ያን ፊርማ እያየሁ አቶ ዘመድኩን ቁጥሮቹን አንብበዋል፣ አንድ ነገር ያደርጋሉ እል ነበር። ልጅነት ነው።

እንግዲህ መዝገቡ እውነት ከሆነ ኮሚቴው እያወቀ ዝም ብሏል ማለት ነው። መዝገቡ ሐሰት ከሆነ ግን ጥፋተኛው መዝጋቢው ነው። ይህን ሒሳብ ለማስላት ከሰባተኛ ክፍል በላይ መማር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደግሞ አንዲት እኔ ያጠፋኋት ጥፋት ተፈልጋ እስክትገኝ ድረስ የሆነ ነገር ነው።

በመዝገቡ ላይ ሁለት የታተሙ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። አባቴ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አውቶቡሱ እንዳደረሰው ለክቶ «አንድ ሰዓት ነው» ይለኛል። እኔም በጠዋቱ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰዓት ብዬ እጽፋለሁ። ማታ ሊወጣ ሲል «አስራ አንድ ሰዓት» ይላል። እኔም በማታው ሳጥን ውስጥ አስራ አንድ እላለሁ። እኛ ቤት ቀኑ የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣችበት ነው፤ እዚህ አገር ግን ከእኩለ ሌሊት ነው። ቁጥሩን ወደ ዓረብኛ ስገለብጥ ሰዓቱም አብሮ መገልበጥ እንዳለበት አላሰብኩም። እዚህ ከተማ አድጌ፣ ዓረብኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተምሬ፣ ይህን አለማሰቤ ያሳፍረኛል። ግን አባቴ «አንድ» ካለ አንድ ነው፤ የእርሱን ቃል አርሜ አላውቅም። ስለዚህ መዝገቡን የሚያነብ የዚህ አገር ሰው፣ ሙሀባው የሚባል ሠራተኛ ስድስት ወር ሙሉ ሌሊት አንድ ሰዓት ላይና ከምሽቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ክምር ሲለካ ኖሯል ብሎ ይረዳል። የበር ጠባቂው መዝገብ ደግሞ በዚያ ሰዓት ወፍ እንኳ አልገባም ይላል።

ረቡዕ ዕለት ማዳበሪያው ለምን እንደተመለሰ እንዲያጣሩ የተላኩት መርማሪ መሐንዲስ አባቴን ጠሩት። የአባቴ ዓረብኛ የሥራ ዓረብኛ ነው፤ ውሃ፣ አካፋ፣ ቶሎ፣ ነገ። ስለዚህ እርስዎ በመሐል ተቀምጠው አስተረጎሙ። ጀብሪል ተራውን እየጠበቀ በሩ አጠገብ ስለነበር ቃል በቃል ነግሮናል።

መሐንዲሱ ጠየቁ፤ እርስዎም ወደ አባቴ ዞረው «ሙሀባው፣ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ነበርክ ወይ?» አሉት። አባቴም «አዎ፣ ሁልጊዜ» አለ። «አስራ አንድ ሰዓት ላይስ?» «አዎ ጌታዬ፣ አንድም ቀን አጓድዬ አላውቅም።» እርስዎም ይህንኑ ወደ ዓረብኛ መለሱት፤ አንድ ሰዓት፣ አስራ አንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል። አንዲት ፊደል አልጨመሩም፤ አንዲት ፊደል አልቀነሱም። የቆጠቡት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «በሐበሻ አቆጣጠር» የሚል።

ጀብሪል ከበሩ ላይ «አቶ ዘመድኩን፣ በሐበሻ ነው እኮ! ንገሯቸው እንጂ!» ብሎ ሲጮህ «አንተ ተራህ አልደረሰም፣ ውጣ» ብለውታል። ስለዚህ ረስተዋቸው ነው ብዬ እንኳ እንዳልጽናና አድርገውኛል። በዚህ ሁሉ የወጪ ቅነሳ ውስጥ፣ ናፍጣውን፣ ክታቹን፣ ዘንጉንና ጭምብሉን ጨምሮ፣ ከእነዚህ ሁለት ቃላት የበለጠ ያተረፈልዎ ቁጠባ የለም። ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። አዲስ ባነር ቢታተም ይህንንም ቢጽፉበት እላለሁ።

አባቴ ያን ዕለት ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ። «ሰዓዲ» አለኝ፤ «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራ መገኘት ጥፋት ነው እንዴ? ሰዎቹ ‘አዎ’ ባልኳቸው ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል።» ያኔ ነው የገባኝ። ስነግረው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ከዚያ ያለው ነገር ስለ እኔ ጥፋት አልነበረም። «ዘመድኩን እኮ ያውቃል፤ አብረን ስንት ዓመት ሠርተን፣ ያውቃል እኮ» ነበር ያለው። ስለ እርስዎ የተናገረው ክፉ ቃል ይኸው ነው።

ነገ እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት አባቴ መዝገቡን በሐሰት ሞልቻለሁ የሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርም ተነግሮታል። ከፈረመ ከሥራ ይባረራል፤ ከሥራ ከተባረረ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ይሰረዛል፤ ኢቃማው ከተሰረዘ እናቴም እኔም በእርሱ ስም ነውና ያለነው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሻንጣችንን ይዘን ከአገር ወደሚያስወጡበት ጣቢያ፣ ወደ ተርሒል፣ እንሄዳለን። ወደ አገራችን ስንመለስ ሰዎች የሚጠይቁን ምን ይዛችሁ መጣችሁ ብለው ነው። ሐሰተኛ የሚል ስም ይዘን መጣን ልንላቸው ነው። እርስዎ አባቴን በመንገድ ላይ አግኝተው «አይዞህ፣ ዝም ብለህ ፈርም፣ ነገሩ ቶሎ ያልቃል» ብለው መክረውታል። ስለ ምክርዎ እናመሰግናለን። ነገሩ ቶሎ የሚያልቀው ለማን እንደሆነ ግን አልነገሩትም፤ እርሱም ሳይቆጠብ አልቀረም።

እናቴ ይህን ስጽፍ አይታ «ተዪው ልጄ፣ ሰውዬው እንጀራችንን በእጁ ይዟል» ብላኛለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን እተወው ነበር። ያልተውኩበትን ምክንያት ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ እርስዎ ከፈለጉ ይዝለሉት።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከአንዲት የጎረቤት ልጅ ጋር በባቃላው በኩል እየመጣሁ አባቴ ከአውቶቡስ ሲወርድ አየሁት። ሽታው ከእርሱ ቀድሞ ይደርሳል፤ በአውቶቡሱም ኋላ ወንበር ላይ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ «ማነው ይሄ?» አለች። እኔ አባቴ ነው አላልኩም። ክንዷን ይዤ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። አባቴ አይቶኛል። ለእኔ እንዲመቸኝ ብሎ እርምጃውን ቀስ አደረገና ርቀን እስክንሄድ ጠበቀ። ቤት ሲገባም ምንም አላለኝም፤ እስከ ዛሬም አላለኝም። አቶ ዘመድኩን፣ እኔም እንደ እርስዎ ሁለት ቃል ቆጥቤአለሁ። «አባቴ ነው» የሚሉ። ለዚህ ነው ረቡዕ ዕለት የእርስዎን ዝምታ ስሰማ ወዲያው ያወቅኩት። ዝም ብሎ ማለፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። የእኔ አንድ ዓመት ሆነው። የእርስዎ ገና አራት ቀኑ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ናፍጣውን አልጠይቅም፤ ክታቹንም አልጠይቅም። ያቺን የቆጠቧትን ነገር ብቻ ነገ በሦስት ሰዓት፣ ፊርማው ከመድረሱ በፊት፣ መሐንዲሱ ፊት እንዲያወጧት ነው። ለማውጣት ኮሚቴ መሰብሰብ አያስፈልግም። ባያወጧትም ግድ የለም፤ የአባቴ የድምፅ መልእክቶች አንዱም አልጠፋም፤ ሦስት መቶ አሥር ናቸው። «ሰዓዲ፣ አንድ ሰዓት ነው። አንደኛው አምሳ ሁለት፣ ሁለተኛው አርባ ስምንት፣ ሦስተኛው አርባ አንድ። ይሄ ሦስተኛው ምን እንደነካው እንጃ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ሆኗል።» የሚለው አለ። «ሰዓዲ፣ አስራ አንድ ሰዓት። ሦስተኛው ሠላሳ ዘጠኝ። ጀብሪል ልገልብጠው ቢል ኸላስ ሁለቴ ተገልብጧል አሉት። ለእናትሽ ሽንኩርቱን አልረሳሁም በያት።» የሚለውም አለ። ከእያንዳንዱ ሥር ስልኩ ራሱ የተላከበትን ሰዓት ጽፎበታል። ስልክ በሐበሻ አይቆጥርም፤ ዝምም አያሰኙትም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ፣ ቀለምና ወረቀት ስላባከንኩብዎ፣ ከሁሉም በላይ ስምዎን በባቃላው በር ላይ ስለለጠፍኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ የኮሚቴው ስብሰባ ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ክፍል፣ ፊርማዎም ሁልጊዜ በአበባ እንዲያጌጥ በመመኘት፣ ለሰጡን ሁሉና በተለይም ለከለከሉን ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ ልል ነበር፤ ግን ከረቡዕ ወዲህ አይደለሁም።

ሰዓዲያ ሙሀባው
ሰዓቶቹን የጻፈችው

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓመት የልጅዎን የልደት በዓል በኪራይ ግቢ ባከበሩ ጊዜ በራስዎ እጅ ጽፈው የላኩልን የጥሪ ወረቀት እናቴ ጋ አለ። «ዓርብ በ8 ሰዓት እንዳይቀሩ» ይላል። እኛ ሐበሾቹ ሁላችን ከምሳ በኋላ ደረስን፤ ኬኩም ተቆረሰ፤ በልተን ጠጥተን ፀሐይ ስትጠልቅ ተበተንን። ይኸው ጥሪ በዓረብኛ የተላከላቸው አንድ እንግዳ ግን ስጦታቸውን ይዘው በእነርሱ አቆጣጠር ከምሽቱ በስምንት ሰዓት ደርሰው ግቢው ሲጠረግ አገኙት። እናቴ ግቢውን ለማጽዳት ቀርታ ስለነበር፣ እኔም አብሬያት ስለነበርኩ፣ እርስዎ እየሳቁ በጥሩ ዓረብኛ «ወንድሜ፣ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው» ብለው ሲያስረዷቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዳውም እንባቸው እስኪወርድ ስቀዋል። እኒያ እንግዳ ረቡዕ ዕለት አባቴን የመረመሩት መሐንዲስ ናቸው። ምናልባት የዚያን ዕለት ሳቃቸውን ከመዝገቡ ጋር አላገናኙት ይሆናል፤ ሰው ይረሳል። ስለዚህ ነገ አባቴ በሚሄድበት አውቶቡስ አብሬው እሄዳለሁ፤ ኋላ ወንበር ላይ ከእርሱ ጎን እቀመጣለሁ። የጥሪ ወረቀትዎንና ስልኬን ይዣለሁ። እርስዎ በመሐል ተቀምጠው እንዳይደክሙ የአባቴ አስተርጓሚ እኔ ነኝ፤ ድምፄ ካልተሰማ ደግሜ እናገራለሁ። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬን ከአሁኑ አዘጋጅቼዋለሁ፤ «ይህ አባቴ ነው» የሚል ነው።